ከካርዶቹ የፈታሁት ክር

ሰኞ 2

ኮምፒዩተሮቹ ዛሬ መጡ። አራት ናቸው፤ ስካነር የሚሏቸው ደግሞ ሁለት። ካርቶኖቹ የካርድ ክፍሉን መተላለፊያ ዘግተው ስለተቀመጡ ቀኑን ሙሉ በጎናችን እየሾለክን ፋይል ስናወጣ ዋልን። "ገና ሥራ ሳይጀምሩ መንገድ ዘጉ" አለ ቀጭኑ። ቀጭኑ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ሆዱ ከወጣ አሥር ዓመት አልፎታል፣ ስሙ ግን አልተለወጠም።

ዳይሬክተሩ ጠዋት ሁላችንንም ሰብስቦ ነበር። በሁለት ወር ውስጥ የሆስፒታሉ አሥራ ሁለት ሺህ የታካሚ ካርድ በሙሉ ኮምፒዩተር ውስጥ ይገባል፤ ወረቀቱ ይወገዳል፤ ሐኪሙ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ የሰውዬውን ታሪክ ያያል። የድንገተኛ ክፍሏ ሲስተር አጨበጨበች። ካርድ ፍለጋ ከፎቅ ፎቅ መሮጥ የሰለቻት እሷ ናት፣ አልፈርድባትም። ፋርማሲስቱ "መብራት ሲጠፋስ?" ብሎ ጠየቀ። የዘበኞቹ አለቃ ደግሞ ወረቀቱ ሲወጣ ባዶ የሚሆነው ክፍል ለማን እንደሚሰጥ ነው ያሳሰበው። እኔ ምንም አልጠየቅሁም። ሃያ ሰባት ዓመት እዚያ ክፍል ሠርቻለሁ፤ የምጠይቀው ቢኖርም ሰው ፊት አልጠይቅም።

ስንወጣ ሲስተር ትከሻዬን መታ አድርጋ "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አንቺ ግን ልትለቂ ነው እንግዲህ" አለችኝ። ቀልዷ ነው። ስቄ አለፍኩ። እስከ ቤት ድረስ ግን አብሮኝ መጣ።

የምጽፍበት ደብተር ራሱ ከሚጣሉት አንዱ ነው። የቀድሞው አለቃዬ ጋሼ ያዘዙት ባዶ መዝገብ ነበር፤ ቆሻሻ ውስጥ ሲገባ ማየት አልቻልኩም።

ረቡዕ 4

ሥልጠና። አሠልጣኟ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ጫማዋ የማይሰማ። ማውሱን ስይዝ ቀስቷ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ጠፋችብኝ። "የትም አትሄድም፣ ቀስ ብለው ይመልሷት" አለችኝ። እንደ ሕፃን። ምናልባት እንደ ሕፃን አልነበረም፤ እኔ ነኝ እንደዚያ የሰማሁት።

ቀጭኑ ፓስዎርድ አውጣ ሲባል የሚስቱን ስም ጻፈ። ረስቶት ሁለቴ ተዘጋበት። ሳቁ እስከ ኮሪደር ተሰማ። እኔ የኔን አልረሳሁም።

ዓርብ 6

መስታወት ገጣሚው ዛሬ መጣ። ለደረቱ በየሦስት ወሩ ይመጣል። የካርድ ክፍሉን መስኮት መስታወት የገጠመው እሱ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። በመጣ ቁጥር በጥፍሩ ሁለት ጊዜ ይቆረቁረዋል፣ ጆሮውን ጠጋ አድርጎ ያዳምጣል፣ ከዚያ "መስታወቴ ደህና ናት" ይላል። ቀጥሎ ደግሞ "ክሬስ?" ብሎ ይጠይቃል። እኔም ካርዱን አውጥቼ ጥጉ ላይ የታሰረውን ቀይ ክር አሳየዋለሁ። "በይ እንግዲህ፣ ዛሬም አልሞትም" ብሎ ይስቃል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቀልድ። ሌላ ሰው ቢሆን ይሰለቸኝ ነበር።

የክሩን ነገር ልጻፈው፣ ነገ የሚያውቀው ላይኖር ነው። አንዳንድ መርፌ ወይም መድኃኒት የማይስማማው ሰው ካርዱ ጥግ ላይ ቀይ ክር ይታሰርበታል። በየትኛውም መመሪያ ላይ አልተጻፈም። ጋሼ ናቸው የጀመሩት፤ ከእኔ በፊት የክፍሉ ኃላፊ ነበሩ፣ ካረፉ ስድስት ዓመት ሆናቸው። "የሐኪም ጽሑፍ ለማንበብ ሐኪም መሆንም አይበቃም" ይሉ ነበር። በሽተኛ እያቃሰተ አምሳ ገጽ የምታገላብጥ ነርስ የለችም። ክር ግን ሳታነቢም በእጅሽ ይዳሰሳል። አዲስ ነርስ ስትመጣ መጀመሪያ የሚነገራት ይኸው ነው፤ ክር ካየሽ መርፌውን አስቀምጪና ጠይቂ።

ክሩን የምታመጣልኝ ታናሽ እህቴ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፣ አብረን ነው የምንኖረው። በየወሩ ከጥቅልሏ ትቆርጥልኛለች።

ማክሰኞ 10

የሰማሁትን ልጻፍ።

ለፊርማ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ሄጄ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። አሠልጣኟ ውስጥ ናት። "የካርድ ክፍሏን ሴትዮ ብዙ አትስሚያት" ሲል ሰማሁት። "ከዚያ ክፍል የሚወጣው አቧራ ነው። ሥራው ይለቅ እንጂ እሷንም በክብር እናሰናብታታለን።"

በክብር።

አሠልጣኟ ምን እንደመለሰች አልሰማሁም፤ ተመለስኩ። ግን ምን ልትል ትችላለች? ሳልፈርም ዋልኩ። ቀጭኑ "ምን ሆነሻል፣ ፊትሽ አመድ መስሏል" አለኝ። አቧራ ነው አልኩት።

ረቡዕ 11

አሠልጣኟ ደብተሯን ይዛ መጣች። ቸኩላ ነበር፣ እኔም ቸኩዬ ነበር። "ለእያንዳንዱ ታካሚ 'ማስጠንቀቂያ' የሚባል ሳጥን አለ" አለችኝ። "በካርዶቹ ላይ ለዚህ የሚሆን ምልክት ታደርጋላችሁ?"

የለም አልኳት።

"ምንም?"

"ከዚህ ክፍል አቧራ እንጂ ምን ይወጣል።"

ቀና ብላ አየችኝ። ጻፈች፣ ወደ ኮምፒዩተሯ ሄደች። በሁሉም ሰው ሳጥን ላይ "የለም" የሚል ቃል በአንዴ ሞላችበት። አንድ ቁልፍ ነው የተጫነችው።

ነገ እነግራታለሁ። እልሄ ይውጣልኝ ብቻ።

ሐሙስ 12

ስካን ተጀመረ። ክር ያለው ካርድ ማሽኑን ያንቀዋል፤ ስለዚህ ክሩ መፈታት አለበት። እኔ እፈታለሁ፣ ቀጭኑ ያስገባል። ክሮቹን በላስቲክ ከረጢት ውስጥ አደርጋቸዋለሁ። ለምን እንደማልጥላቸው አላውቅም።

ቀጭኑ እጁን ማሽኑ ላይ አድርጎ "የክሩን ነገር ነግረሻታል አይደል?" አለኝ።

"ያውቃሉ። ሳጥኑን እነሱ ከሐኪሙ ጽሑፍ እያዩ ይሞሉታል።"

"እንዲያ ከሆነ ይሁን" አለ። ሌላ ጊዜ በቀላሉ አያምነኝም፣ ዛሬ ግን አመነኝ።

ለአሠልጣኟ ለመንገር ዛሬ አልተመቸኝም። አዳራሽ ነበረች።

ማክሰኞ 17

በቀን ስድስት መቶ ካርድ። ጣቶቼ ለመዱት። አሠልጣኟ ሰው ፊት "ከእሳቸው የሚፈጥን የለም" አለች። ደስ አለኝ፣ መዋሸት አልችልም።

አልነገርኳትም። ሳምንት ካለፈ በኋላ ምን ብዬ ልጀምር? "ያን ቀን ተናድጄ ነበር" ልበል? በዚህ ዕድሜዬ? ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚሉት ይኸ ነው ለካ። የሐኪሞቹ ጽሑፍ እንደሆነ ተነስቷል፣ ፎቶው ውስጥ አለ። ማየት የፈለገ ገልጦ ያያል።

ከረጢቱን ወደ ቤት ይዤው መጣሁ፤ ልብሴ ሥር አስቀመጥኩት።

ሰኞ 30

የጭነት መኪናው መጣ። ስካን የተደረገው ካርድ በማዳበሪያ ታስሮ ተጫነ። ወረቀቱ የሚሄደው ወደ ፋብሪካ ነው፤ ተቦክቶ ሌላ ወረቀት ይሆናል አሉ። አንዱ ማዳበሪያ ተቀዶ ጥቂት ፎልደሮች መሬት ላይ ተዘረገፉ። ጥጋቸው ላይ ክሩ የነበረበትን ቀዳዳ አየሁ። ሁሉም ፎልደር ላይ ያ ቀዳዳ አለ፣ ክር የነበረውም ያልነበረውም። ቀዳዳ አይለይም።

ጎንበስ ብዬ ለቀምኳቸው፣ ጫንኳቸው። ዘበኛው "እግዜር ይስጥልኝ" አለኝ።

ረቡዕ 2

እራት ላይ እህቴ "እትዬ፣ በዚህ ወር ክር አልጠየቅሽኝም" አለች።

ወረቀቱ ቀረ እኮ አልኳት።

"እና አሁን ያ መርፌ የማይሆነውን ሰው በምን ትለዩታላችሁ?"

እህቴ ኮምፒዩተር ነክታ አታውቅም። አሠልጣኟ የጠየቀችውንና እሷ የጠየቀችውን ሳስተያየው አንድ ናቸው። "ሲስተም አለው" ብዬ ሳህኖቹን አነሳሁ። ውሃው እየፈሰሰ ብዙ ቆምኩ።

ዓርብ 11

የመጨረሻው ካርድ ዛሬ ገባ። ዳይሬክተሩ መጥቶ እጄን ጨበጠኝ። መደርደሪያዎቹ ባዶ ናቸው፤ ሰው ሲናገር ድምፁ ተመልሶ ይመጣል። ለቀጭኑና ለእኔ በመስኮቱ አጠገብ ጠረጴዛ ተሰጥቶናል፣ አዲስ የሚመጣውን ሰው እንመዘግባለን። በክብር መሰናበቱ ለጊዜው ቀርቶልኛል መሰለኝ።

ከሰዓት መስታወቱ ሁለት ጊዜ ተቆረቆረ። እሱ ነው። ቀጠሮው ገና ነበር፤ ሳል ይዞታል፣ ከስቷል።

"መስታወቴ ደህና ናት። ክሬስ?"

ካርድ እንደሌለ ያውቃል፣ ባዶውን መደርደሪያ በመስታወቱ እያየው ነው። ቀልዱን ግን አልተወም። ስክሪኑን ወደ እሱ ማዞር እችል ነበር። "የለም" የሚለውን ያየው ነበር። ወይም እኔ ራሴ ሳጥኑ ላይ ሁለት ቃል መጻፍ እችል ነበር፤ ነገር ግን ያን ሳጥን የሚከፍተው የአሠልጣኟ ፓስዎርድ ነው፣ ለምን ብላ ትጠይቀኛለች፣ ከዚያ ስለሌሎቹም...

"አለ" አልኩት።

"በይ እንግዲህ፣ ዛሬም አልሞትም።"

ሰኞ እነግራታለሁ። የምር። ቢያንስ የእሱን።

ሰኞ 14

አሠልጣኟ የለችም፣ ሌላ ሆስፒታል ሄዳለች። ሐሙስ ትመለሳለች።

ረቡዕ 16

አምጥተውታል። ሥራ ላይ እያለ ወድቆ። መስታወት የሚገጥምላቸው ሰዎች ናቸው ያመጡት፣ ሚስቱ የለችም። ትኩሳት፣ ይቃዣል። ቀጭኑ ቁጥሩን ፈልጎ ወደ ድንገተኛ ላከ። ሦስት ሰከንድ አልፈጀም። እኔ ምሳ ላይ ነበርኩ። ምሳ ላይ ነበርኩ። ስመለስ ነው የነገረኝ፣ ሮጥኩ፣ ደረጃው ላይ ጫማዬ ወለቀ፣ ትቼው ሮጥኩ።

መርፌው ተሰጥቶ ነበር።

ዓርብ 18

አረፈ። ትናንት ከሰዓት። ትንፋሹ ዳግመኛ አልተመለሰም።

ሲስተር የልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ አለቀሰች። "ሳጥኑን አይቻለሁ፣ የለም ይላል" ትላለች ደጋግማ። "ክሮቹ ሁሉ ሳጥኑ ውስጥ የገቡ ነበር የመሰለኝ።" እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ሰው ሁሉ ለሲስተር ያለቀስኩ መሰለው።

ማክሰኞ 22

ሚስቱ መስኮቱ ላይ መጣች። የሞት ማስረጃ ለማስጻፍ ነው። መስታወቱን አልቆረቆረችም፣ ቀና እስክል ጠበቀች።

ስሙን ጻፍኩላት። ፊርማ እያስፈረምኳት "ክሩ አልነበረም እንዴ?" አለችኝ። በቁጣ አይደለም። አንድ ዕቃ ጠፍቶባት የምትጠይቅ ነው የሚመስለው። "ሁልጊዜ 'አትጨነቂ፣ ክሬ እዚያ አለ፤ የመስኮቷ ሴትዮ ታውቀዋለች' ይለኝ ነበር። እሱን አምኜ ነው እኔ ወደ ሥራዬ የምሄደው።"

"ሲስተሙ ነው" አልኳት። "ወረቀቱ ሲቀየር ሲስተሙ ላይ..."

"አይ ሲስተም" አለች። ከዚያ ያደረገችውን መጻፍ ይከብደኛል። እጇን በመስኮቱ ቀዳዳ አስገብታ እጄን ያዘችው። "ያከብርሽ ነበር" አለችኝ።

ሐሙስ 24

ስብሰባ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው ቆሞ ነበር።

በመጀመሪያው ስብሰባ ያልተቃወሙት ሁሉ ዛሬ "ድሮም ብለን ነበር" ባዮች ሆነዋል። ፋርማሲስቱ ማሽን ሰው አያውቅም አለ። አንዱ ሐኪም ደግሞ በወረቀቱ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ነገር ተፈጥሮ እንደማያውቅ ተናገረ። የዘበኞቹ አለቃ እንኳ "ኮምፒዩተሩ ገደለው" ብሎ ተቀመጠ። ቀጭኑ ብቻ ጫማውን ያይ ነበር።

ከዚያ አንድ ሰው እኔን አነሳ። "እስቲ የካርድ ክፍሏን እናት ጠይቋት፤ ሃያ ሰባት ዓመት አንድ ሰው አልጠፋባትም!" ተጨበጨበ። ለእኔ። ሁለት ወር ሙሉ ስመኘው የነበረው ጭብጨባ ይኸው ነበር፤ ወንበሩ ውስጥ ሰምጬ ብቀር በወደድኩ።

ዳይሬክተሩ ወደ አሠልጣኟ ዞረ። "ምልክት እንዳለ ጠይቀሻል?"

ልጅቷ ቆመች። ደብተሯ እጇ ላይ ነበር። ረቡዕ 11 የጻፈችው እዚያ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። አየችኝ። ስሜን የምትጠራ መሰለኝ።

"በደንብ አልጠየቅሁ ይሆናል" አለች።

ከሰኞ ጀምሮ እንዳትመጣ ተነገራት። ዝም አልኩ። ከነገሩ ጾም እደሩ ይባላል። የገባሁበትን ነገር ግን ጾም አያስወጣኝም።

እሑድ 27

ሦስተኛ ቀኔ ነው ስሰማው። ሁለት ጊዜ፣ በጥፍር። ዓርብ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ ሰማሁት፣ ቀና ስል ማንም የለም። ቀጭኑን "ሰማህ?" አልኩት። "ምን?" አለ። ትናንት አውቶቡስ ውስጥ ነበር። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ቤት፣ እህቴ መስኮት እየወለወለች ሳለ። "አትቆርቁሪው!" ብዬ ጮህኩባት። ጨርቁን እንደያዘች ዞራ አየችኝ፤ በጨርቅ መቆርቆር አይቻልም።

ቀይ ነገር አላይም ብዬ ነበር። ነገር ግን ክሩ በየቦታው ነው። ከሹራቤ እጅጌ ላይ እህቴ አንድ መዘዘች፣ "ይኸ የኔ ክር ነው" አለች። ማበጠሪያዬ ላይ አንድ አገኘሁ። ከረጢቱን ያልነካሁት ሳምንት ሆኖኛል፤ እንዴት እየወጡ ነው?

ዛሬ እህቴ ገበያ ስትሄድ አወጣሁትና አልጋ ላይ ዘረገፍኩት። ቆጠርኳቸው። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት። አንዳንዱ ደብዝዟል፣ ያ ጋሼ ያሰሩት ነው፤ ቋጠሮአቸው ድርብ ነበር። የኔ ነጠላ ነው። አንዱን አንሥቼ የማን እንደሆነ ለማሰብ ሞከርኩ። ሌላ አነሣሁ። ክር ሁሉ አንድ ነው። ካርዱ ላይ እያለ ሰው ነበር፤ አልጋዬ ላይ ክር ብቻ ነው። የመስታወት ገጣሚውም እዚህ ውስጥ አለ፤ ፈልጌ አላገኘሁትም።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እስካሁን የማስበው አንድ ሞተ ብዬ ነበር። ሦስት መቶ አሥራ አንድ ሰው ገና በእግሩ ይሄዳል። እያንዳንዱ "ክሬ እዚያ አለ" ብሎ ይኖራል።

በዚህ ደብተር ውስጥ ወደ ኋላ ገልጬ አነበብኩ። "ማንም አልጠየቀኝም" ብዬ የጻፍኩ መስሎኝ ነበር፤ ለእህቴም እንዲያ ብያታለሁ፣ ለራሴም ስንት ጊዜ። አልጻፍኩም። የጻፍኩት እውነቱን ነው፤ ጠየቀችኝ፣ የለም አልኳት። በራሴ እጅ ጽሑፍ።

አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ። ጋሼ ይሉት ነበር፣ ፋይል ቦታው ሳይመለስ ሲያገኙ። ነገ ሰኞ ነው፣ ልጅቷ ዕቃዋን ልትወስድ ትመጣለች።

ማክሰኞ 29

ትናንት ነገርኳት።

ባዶው መደርደሪያ መሃል ገመዶቿን እየጠቀለለች ነበር። ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። "ይኸ ነው ምልክቱ" አልኳት። "ነበረን። ዋሽቼሻለሁ።" ከዚያ ሁሉንም፣ በሩ ገርበብ ብሎ የሰማሁትንም ነገርኳት።

የያዘችውን ገመድ አስቀመጠች። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ፣ እንዲያውም ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

"እስከ መጨረሻው አልሰሙትማ" አለችኝ። "እርስዎ ሳይኖሩ ይህን ሥራ አልጀምርም ብዬው ነበር። እዚያው፣ በዚያው ሰዓት።"

ወንበር ፈለግሁ። መደርደሪያው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

"ያን ቀን ለምን አላጋለጥሽኝም?" አልኳት። "ደብተሩ እጅሽ ላይ ነበር።"

"መልስዎ ትክክል እንዳልሆነ ገብቶኝ ነበር። 'ምንም?' ብዬ ስጠይቅዎ ፊትዎን አይቼዋለሁ። ግን ቸኩዬ ነበር፣ ቁልፏን ተጫንኩ።" ዓይኗን ጠረገች። "እኔም ቢሆን እሰማዋለሁ፣ የሰውየውን ሳል። አንዴ ሲስተሙን በስልኬ ሳሳየው አጠገቤ ቆሞ ሲያስል ነበር።"

ከዚያ ደብተሯን ገለጠች። "እነማን ናቸው? የሚያስታውሱትን ይንገሩኝ።"

ዓይኔን ጨፍኜ ጀመርኩ። በመደርደሪያው ነው የማስታውሳቸው፤ በሩ ጎን፣ ሦስተኛ ረድፍ፣ እግሯን የምታነክስ አስተማሪ። ከእሷ ቀጥሎ መንታ ወንድማማቾች፣ ክር ያለው ታላቁ ነው። መስኮቱ ጎን፣ ከታች፣ አውቶቡስ ነጂው። ከአንድ ባዶ መደርደሪያ ወደ ሌላው እየሄድኩ እጄን ካርዱ የነበረበት ላይ እያሳረፍኩ ተናገርኩ፤ እሷ ኮምፒዩተሩ ላይ እየፈለገች ሳጥኑን ሞላች። ቀጭኑ መጣ፣ ከበሩ ቆሞ ሰማ። ኮቱን አውልቆ የሚያስታውሳቸውን ጨመረ።

እስኪመሽ መቶ ሰማንያ ሰባት ደረስን። ከዚያ በኋላ ራሴ ውስጥ ያለው መደርደሪያም ባዶ ሆነ።

ቅዳሜ 3

ለዳይሬክተሩ ደብዳቤ ሰጥቼዋለሁ። አንብቦ ቀና አላለም። አሠልጣኟ ሥራዋ ላይ ትቆያለች። የሐኪሞቹ ጽሑፍ ፎቶ ገጽ በገጽ ይነበባል፤ ሁለት ነርሶችና ቀጭኑ ተመድበዋል፣ ወራት ይፈጃል አሉ። አንዳንዱ ሰው ከክሩ በቀር ምንም የተጻፈለት የለም። የእኔ ጉዳይ ለኮሚቴ ተመርቷል። እስኪወሰን መስኮቱ ላይ ተቀመጪ፣ የሚመጣውን ሁሉ በአፍ ጠይቂ ተባልኩ። ሲያጨበጭቡልኝ የነበሩት ኮሪደር ላይ ሲያገኙኝ ስልካቸውን ያያሉ። ሲስተር ብቻ ፊት ለፊት መጥታ "እጄ ነበር እኮ፤ በኔ እጅ ነው ያስደረግሽው" አለችኝ።

ዛሬ ሚስቱ ጋ ሄድኩ። ቤቷ ከሱቁ ጀርባ ነው፤ የተቆረጡ መስታወቶች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፣ በየአንዳንዱ ውስጥ እኔ አለሁ። ቆሜ ነገርኳት፤ ተቀመጪ ብትለኝም አልተቀመጥኩም።

ስጨርስ "ሲስተሙ ነው ብለሽኝ ነበር" አለች።

"አዎ።"

"እጅሽን ይዤሽ።"

"አዎ።"

እስክወጣ ድረስ እጇን በቀሚሷ ትጠርግ ነበር።

ሰኞ 12

ሳምንቱን ሙሉ አንድ ጥያቄ ነው የምጠይቀው፤ መርፌ ወይም መድኃኒት አስቸግሮዎት ያውቃል? አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ይቆጣል፤ ወረፋው ይረዝማል። በመስታወቱ ውስጥ ስለማይሰማ ደግሜ ደጋግሜ መጮህ አለብኝ። ዓርብ ለጥገና ክፍል ነግሬ መስታወቱን ወደ ጎን አስገፋሁት። ሊያወጡት ፈልገው ነበር፤ አይሆንም አልኩ።

ዛሬ ጠዋት ስክሪኑን እያየሁ ሁለት ጊዜ ተቆረቆረ። አጎንብሼ ቀረሁ። እንደገና ተቆረቆረ። ቀና ስል አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት በቁልፋቸው የተገፋውን መስታወት ይነካሉ። መልካቸውን አላውቀውም። የቀሩት መቶ ሃያ አራት ሁሉ እንደዚህ የማላውቃቸው ናቸው።

ጥያቄዬን ጠየቅሁ።

"እሱማ ካርዴ ላይ አለ እኮ ልጄ" አሉኝ። "ቀይ ክር አስረውልኛል፣ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እሱን እዪው።"

ጋሼ ናቸው። ድርቡ ቋጠሮ።

ከኋላቸው ሰው እየተገፋፋ ነው። ሲስተም ተቀይሮ ነው ማለት ይቻል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

"ክሩ የለም፣ እማማ" አልኳቸው። "እኔ ነኝ የፈታሁት። ይንገሩኝ።"

በመስኮቱ ጎንበስ ብለው አዩኝ። ከዚያ ቦርሳቸውን መስኮቱ ጠርዝ ላይ አስቀምጠው፣ የመርፌውን ስም አያውቁም ነበርና፣ ቀኑን፣ ክፍሉን፣ ፊታቸው እንዴት እንዳበጠ፣ ማን እንደደረሰላቸው ከመጀመሪያው ጀምረው ነገሩኝ። አላቋረጥኳቸውም። ሁሉንም ጻፍኩ።